«ስናገራቸው እሺ ይላሉ፣ በሳምንቱ ይጠፋሉ»

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህ ነው፦

«ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል የፈረቃ ሃላፊ ነኝ። እድሜዬ 53 ነው። በስሬ ካሉት 34 ሰራተኞች 26ቱ ከ19 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። ስልክ ከእጃቸው አይለይም። ጠዋት ያረፍዳሉ። ስናገራቸው አንገታቸውን ደፍተው ‹እሺ› ይላሉ፣ በሳምንቱ አንዱ ይጠፋል፣ ከዚያ ሶስት አራቱ ይከተሉታል። ባለፈው ደግሞ አንዱን ልጅ ስራ ሳዘው በሰው ፊት ‹ለምን?› አለኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ድርጅቱ ‹ልጆቹን ያዝ› ይለኛል። እንዴት ነው የሚያዙት?»

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሰው ሃይል አስተዳደር 16 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ውስጥ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ፎርማኖች ሰምቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ የሆነውን እንደሆነ አድርጎ የጻፈልኝ ግን ጥቂት ነው።

ቀድሜ የሚሰማኝን ልንገርዎት። «ለምን» ያለው ልጅ ብዙም አላሳሰበኝም። እሱ ገና እርስዎ ጋ ነው። ያሳሰቡኝ «እሺ» ያሉት ናቸው።

ስለ ጄን ዚ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን አይተው ይሆናል። ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2012 የተወለዱትን ነው የሚሉት፣ በእኛ ከ1989 እስከ 2004 ግድም መሆኑ ነው። እዚያ ያለ አለቃ የሚያማርረው ልጆቹ ያልወደዱትን ፊት ለፊት ይናገራሉ እያለ ነው። የእኛ ልጅ ግን የመጣው ከመንዝ ነው፣ ከጣርማበር፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከአንኮበር። ታላቅ ሲናገር ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ስልኩ የዘመኑ ነው፣ አንገቱ የአያቱ ነው። ስለዚህ «ሃሳባቸውን ስሟቸው» የሚለው ምክር ብቻውን አይሰራም፤ ልጁ መቼ ተናግሮ ነው የሚሰማው? የከፋውን በአፉ አይነግርዎትም። በእግሩ ነው የሚነግርዎት።

የደረሰብኝን ላጫውትዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሰራበት ቦታ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ተቀጠረች፣ እጇ ፈጣን፣ ዝምተኛ። የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀበለች፣ በማግስቱ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። «ቀሪ» ብዬ መዘገብኩና በልቤ «ደመወዝ እስኪወጣ ነበር የጠበቀችው» አልኩ። ከወር በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቡና ስትሸጥ አገኘኋት። ሰላም ተባባልን። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች «ሁለት ቀን አርፍጄ ስለነበር ቀጥታችሁኝ፣ ብሩ ጎደለ» አለችኝ። የጎደለው ጡረታና ግብር ነበር። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም፤ ፔይሮሉን አስፈርሜ ወደ ሚቀጥለው ነው ያለፍኩት። እሷ ደግሞ ስለ ብር መጠየቅ አፈረች። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው የነበረው ነገር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲገባ ደመወዙን ወረቀት ላይ ነው የማሰላለት። ለምሳሌ 5,000 ብር ከተባለ ጡረታ 7 በመቶ፣ 350 ብር ይቆረጣል። ግብር ደግሞ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው ስሌት 500 ብር ይመጣል። እጁ ላይ የሚገባው 4,150 ነው። ድርጅቱ በልጁ ስም ከራሱ 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚጨምርም እነግረዋለሁ፣ ይህን ሲሰሙ የሚገርማቸው ብዙ ናቸው። ኦቨርታይምም እንዲሁ። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሰራ የ5,000 ብር ሰራተኛ የአንድ ሰዓት ዋጋው 24 ብር ገደማ ነው። ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ቢጨምር በአንድ ተኩል ተባዝቶ 72 ብር ያገኛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ በ1.75፣ በእረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል። እርስዎ ይህን በደንብ ያውቁታል። ልጁ ግን አያውቀውም፣ የነገረውም የለም፣ ማታ ጓደኛው በቴሌግራም «እነ እገሌ ጋ 5,500 ነው» ሲለው ሁለቱን የሚያወዳድርበት ነገር የለውም። የሚያየው እጁ ላይ ያለውን 4,150 ብቻ ነው።

«ይጠፋሉ» ስላሉት ደግሞ ህጉንም እናንሳ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜ በጽሁፍ ከተያዘ ቢበዛ 60 የስራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ሰራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ስራውን መተው ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር የሄደ ልጅ ቢያስቀይምዎትም ህግ አልጣሰም። ከሙከራ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ብዙዎቹ «እለቃለሁ ብል ደመወዜን ይይዙብኛል» ብለው ይፈራሉ፣ ለዚህ ነው ደመወዝ ተቀብለው በማግስቱ የሚሰወሩት። ሁሉም ባለበት እንዲህ ይበሏቸው፦ «መሄድ የፈለገ ይንገረኝ። የሰራበትን ይቀበላል፣ የስራ ልምድም ይጻፍለታል።» የስራ ልምድ ለጠየቀ መስጠት የድርጅቱ ግዴታ ነው። እኛ ይህን በግልጽ መናገር ስንጀምር ልጆቹ መሄዳቸውን በአንድ ጊዜ አላቆሙም፤ ነግረውን መሄድ ግን ጀመሩ፣ ምክንያታቸውንም ሰማን። አንዳንዱ ምክንያት በአንድ ቀን የሚስተካከል ነበር።

አሁን ወደ «በእኛ ጊዜ» ልምጣ። በቅሬታ እንደማያዩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የ21 ዓመቱን ልጅ ያስቡት። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ 15 ዓመቱ ነበር። ህዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ገና 17 አካባቢ ነው፤ የአጣዬና የኤፍራታ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቤት ሲቃጠል ያየው ከዚያም በፊት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ እየተባለ ነው የኖረው። በዚህ መሃል የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠ። የ2014ቱ ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጥቅምት 2015 ላይ ሲሰጥ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። እርስዎ ክፍል ካሉት 26 ልጆች ስንቶቹ በዚህ በር እንዳለፉ ይገምቱ። ሰፈር ውስጥ «ወደቀ» ተብለዋል። አንዳንዱ የአባቱን ፊት ላለማየት ነው ከተማ የገባው።

እንዲህ ያለውን ልጅ በ30 ሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ ይህንንም አትችልም?» ሲሉት እርስዎ ስለ ካርቶኑ ነው የሚያወሩት። እሱ የሚሰማው ግን ያንን «ወደቀ» ነው። አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ያን ቀን ማታ ስራ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ ስህተት በግል፣ ምስጋና በሰው ፊት። ቢሮ እንዳይጠሩት፤ ቢሮ መጠራት ለእነሱ መባረር ነው። አጠገቡ ይቁሙና እጅዎ እየሰራ ዝቅ ባለ ድምጽ ይንገሩት። በስሙ ይጥሩት። «አንተ ልጅ»፣ «እቺ» የሚለው ለእኛ ትውልድ የቤተሰብ ቃል ነው፤ ከባእድ አለቃ አፍ ሲወጣ ግን ንቀት ሆኖ ይሰማቸዋል። ምስጋናም ቢሆን «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም። «ዛሬ ካሸግሽው አንድም አልተመለሰም» ይበሏት። አይተዋታል ማለት ነው።

«ለምን?» ያለው ልጅ ጋ ደረስን።

የመጀመሪያ ስሜትዎ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን ፊቴ ይቀላ ነበር። ግን ጥያቄውን ከድምጹ ለይተን እንየው። ድምጹ ስርዓት ካጣ ለብቻው «ጠይቅ፣ አጠያየቅህን ግን አስተካክል» ይበሉት፣ ይህ መብትዎ ነው። ጥያቄው ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። «ይህን ካርቶን በዚህ በኩል ደርድር» የሚል ትእዛዝ አለ። «ይህን ካርቶን በዚህ በኩል ደርድር፣ ፎርክሊፍቱ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው» የሚልም አለ። ልዩነቱ አምስት ሰከንድ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ልጅ ነገ እርስዎ ሳይኖሩ ፎርክሊፍቱ መንገዱን ቢቀይር ካርቶኑን ራሱ ያዞረዋል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማው የተባለበት ቦታ ይደረድርና አደጋ ይፈጠራል። እርስዎ ምክንያቱን ያወቁት 25 ዓመት ሰርተው ነው። እሱ በ25 ቀን እንዲያውቀው የሚያደርጉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የሚናገሩ ልጆች እንዲበዙ ከፈለጉ ደግሞ አጠያየቅዎን ይቀይሩ። «ችግር አለ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ይታወቃል፦ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አስተዳደጋችን ነው፣ ቤት ውስጥ እንጀራ ባይኖርም «ይመስገን» ነው የምንለው። «ዛሬ ከስራው የቱ ነው እጅህን የያዘህ?» ብለው ይጠይቁት። ወይም «አንተ ብትሆን ይህን መስመር እንዴት ታደርገዋለህ?»። አማርረሃል የማይባልበት ጥያቄ ሲሆን ይመልሳሉ። እኔ አዲስ ልጅን በሶስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በመጀመሪያው ደመወዝ ማግስት ሳላናግር አላልፍም። ሶስቱም ሻይ ሰዓት ላይ ነው፣ ቆመን፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ። በሶስተኛው ቀን የሚሰሙት ነገር ይገርምዎታል፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ለመጠየቅ አፍራ ውሃ ሳትጠጣ የምትውል ልጅ አጋጥማኛለች።

ስልክ። እዚህ ላይ ጥብቅ ይሁኑ። የሚንቀሳቀስ ማሽን አጠገብ ስልክ የለም፣ ለማንም፣ ለእርስዎም ጭምር። ምክንያቱን ግን ይንገሩ። ከዚያ ስልኮቹ የሚቀመጡበት ቁልፍ ያለው ሳጥን ያዘጋጁ፣ በእረፍት ሰዓት ይከፈት፣ በዚያን ጊዜ ቲክቶክም ቢያዩ ምንም አይመለከትዎትም። አንድ ነገር ግን አይርሱ። ቤተሰቡ አጣዬ ወይም ሸዋ ሮቢት ያለ ልጅ ስልኩን በየአስር ደቂቃው የሚያየው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እነዚያ ዓመታት ስልክ ካልተነሳ ክፉ ነገር አለ ማለትን አስተምረውታል። ስለዚህ የእርስዎን ወይም የቢሮውን ቁጥር ለቤተሰቦቻቸው እንዲሰጡ ያድርጉ፦ «አስቸኳይ ከሆነ እዚህ ይደውሉ፣ ወዲያው እንጠራዋለን።» አንድ ጊዜ ተደውሎ በእውነት ከጠሩለት ሌሎቹም ስልካቸውን በሰላም ያስቀምጣሉ።

ማርፈድን በተመለከተ ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ሳምንት ማን ከየት ሰፈር እንደሚመጣ ይጻፉ። እኔ አንዴ ስጽፍ ካረፈዱት አብዛኞቹ ሰርቪስ የማይደርስበት አንድ አቅጣጫ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የጥቅምትና የህዳር ውርጭ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ጠዋት 12 ሰዓት ለሚገባ ፈረቃ ልጅቷ ከቤት የምትወጣው በ11 ሰዓት ጨለማ ነው፣ ባጃጅ የለም፣ ብቻዋን ናት። ማቆሚያውን ትንሽ ማዘዋወር ወይም የአንድ ሰፈር ልጆችን አንድ ፈረቃ ላይ አድርጎ አብረው እንዲመጡ ማድረግ ከአስር ቁጣ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚያረፍድ ካለ ደግሞ ህጉ አለ። በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለበቂ ምክንያት ያረፈደ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የስራ ቀን የቀረ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ቁልፉ «በጽሁፍ» የሚለው ነው። በቃል «አባርርሃለሁ» ማለት ልጁን ያስኮርፈዋል፣ ለእርስዎም መረጃ አይሆንዎትም። በዘፈቀደ ከደመወዝ መቁረጥም አይቻልም፤ በህግ፣ በህብረት ስምምነት፣ በስራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በልጁ የጽሁፍ ስምምነት የተደገፈ መሆን አለበት፣ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም።

ደንቡን ለሁሉም እኩል ያድርጉት። ይህን አጥብቄ የምልዎት ልጆቹ ጓደኛ የሆነ አለቃ ስለማይፈልጉ ነው። ጥብቅነትን ይችላሉ። የማይችሉት አድልዎን ነው። «የእገሌ ዘመድ ስለሆነ ነው» የሚል ወሬ በእረፍት ሰዓት ከተነሳ ማታውኑ በቴሌግራም ግሩፓቸው ይዞራል፣ እርስዎ ግን የሚሰሙት ከወር በኋላ ነው።

አንዱ ሲሄድ ሌሎች የሚከተሉትም በዚህ ነው። ብዙዎቹ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፣ አንድ ክፍል ቤት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፣ አንዱ ስራ ሲቀይር ኪራዩም ምግቡም ይነካካል። ከመካከላቸው የሚደመጥ አንድ ልጅ ወይም አንዲት ልጅ አትጠፋም። ይወቋት። ወሬ አቀባይ እንዳያደርጓት ግን አደራ፣ ያን ቀን ሁሉንም ያጣሉ። ይልቅ አዲስ የሚገቡትን እንድታለማምድ ሃላፊነት ይስጧት፣ ትንሽ አበል ቢያስፈቅዱላት ደግሞ የተሻለ ነው።

የገጠር ልጆች በህዳርና በታህሳስ አጨዳ ላይ «አባቴን ላግዝ» ብለው መቅረታቸውንም አውቃለሁ። መስከረም ላይ ቀድመው ይጠይቋቸው፣ ማን መቼ መሄድ እንደሚፈልግ። ፈረቃ መቀያየርም ሆነ የዓመት ፈቃድ በጊዜ ከታወቀ ይደራጃል።

አንድ ነገር ልሸፍንብዎት አልፈልግም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ የማይበቃ ከሆነ በጥሩ አነጋገር ብቻ ልጆቹን አያስቀሯቸውም። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ለአስተዳደሩ ግን ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ። ባለፉት 6 ወራት ስንት ልጅ እንደሄደ፣ አዲስ ልጅ እጁ እስኪፈታ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ በእነዚያ ሳምንታት ስንት እሽግ እንደሚበላሽ ይቁጠሩ። በብር ቀይረው ያሳዩ። «ልጆቹን ያዝ» ላለዎት ሰው መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ለነገ ጠዋት ግን «ለምን» ካለዎት ልጅ ይጀምሩ። አሁንም እርስዎ ጋ ካለ በስሙ ጠርተው «ያን ቀን የጠየቅኸኝን አልመለስኩልህም ነበር» ይበሉትና መልሱን ይንገሩት። የጠየቀዎት በሰው ፊት ስለነበር መልሱንም እዚያው፣ ሌሎቹ እየሰሙ ይስጡት።